ብቻውን የገባ ሰው

ይህ የሆነ ነው።

"ተከታይ ለማብዛት የፈጠረችው ነው" የሚል ካለ መብቱ ነው፤ አልጣላውም። እኔ ግን የወንድሜ መንጋጋ ሲሰበር በእነዚህ ጆሮዎቼ ሰምቻለሁ።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ጫካ የለበትም፣ መቃብር የለበትም፣ መብራትም አልጠፋም።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ትልቅ ከተማ ውስጥ፣ ሰው በሚጋፋበት መንገድ ዳር፣ ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ ምግብ ቤት ውስጥ ነው የሆነው።

ሦስት ወር ሙሉ "ጉሮሮ የት ጠፋ? ለምን አይጽፍልንም?" እያላችሁ ስትጠይቁኝ አልመለስኩላችሁም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ ውስጥ ነቅዟል።

ለአዲሶቹ ከሥሩ ልንገራችሁ።

ጉሮሮ ታላቅ ወንድሜ ነው። ስሙን ያወጣችሁለት እናንተ ናችሁ፤ እሱም ወዶት ቀረ። ይህ ቻናል የእሱ ነበር። ከተማ ለከተማ እየዞርን የት እንደሚበላ፣ የት እንደሚጠጣ፣ የትኛው በር እንደማይረገጥ እንጽፍ ነበር። እሱ ይቀምሳል፣ እኔ ፎቶ አነሳለሁ።

ምግብ ቤት የሚመርጥበት የራሱ ዘዴ ነበረው። "ሜኑው ላይ የምግብ ፎቶ ካለ አትግቢ" ይለኛል። ቀጥሎ የአስተናጋጆቹን ጫማ ያያል፤ ጫማው ቅባት ከጠጣ የወጥ ቤቱ ወለል አይታጠብም ማለት ነው። መጨረሻ ላይ በጓሮ ዞሮ የቆሻሻ መጣያውን ይከፍታል። "ሰው ሳህኑ ላይ የተወውን ሳላይ አፌን አልከፍትም" ይላል።

እናታችን ይህን ስትሰማ "ሚስት ለመፈለግ የዚህን ግማሽ ያህል ብትለፋ እስካሁን አያት ሆኜ ነበር" ትለው ነበር።

ትልቁ ሕጋችን ግን ሌላ ነው።

ምግብ ቤት ውስጥ አንተዋወቅም።

ምክንያት ነበረው። አንድ ጊዜ አንድ ባለቤት አወቀን። ለሌላ ሰው የማያወጣውን ሥጋ አወጣልን። እኛም አመስግነን ጻፍን። እኛን አምናችሁ የሄዳችሁት ሆዳችሁን ይዛችሁ ተመለሳችሁ። አንዱማ ከሐኪም ቤት አልጋ ላይ ሆኖ "ጉሮሮህ ይደፈን" ብሎ ጻፈለት። ወንድሜ ያን ሳምንት እንቅልፍ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ እሱ መጀመሪያ ይገባል። እኔ መንገድ ተሻግሬ አሥር ደቂቃ እቆማለሁ። ከዚያ እገባና ሌላ ጠረጴዛ ይዤ ሌላ ምግብ አዛለሁ። አንተያይም። አብረው ናችሁ ወይ የሚል ከመጣ፣ አይደለንም። በልተን ስንወጣ ጥግ ላይ እንገናኛለን።

"ዓይንሽ እኔ ላይ ካረፈ ሥራው ተበላሸ" ይለኝ ነበር።

በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልተበላሸም። እኮራበት ነበር።

ወደዚያ ከተማ ለሦስት ቀን ነው የሄድነው። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ቤት አዳረስን። የዓሣው ቤት ጥሩ ነበር። ጭማቂ ቤቱ ስኳር በውኃ ነው የሚሸጠው። ከሦስተኛው ጉሮሮ የተመለሰው ከቆሻሻ መጣያው ነው።

በሁለተኛው ቀን ታክሲ ያዝን።

"ሾፌር፣ ለመሆኑ አንተ ምሳህን የት ነው የምትበላው?" አለ ወንድሜ። ሁልጊዜ ሾፌር ነው የሚጠይቀው።

ሾፌሩ መልሶ ጠየቀ።

"ስንት ናችሁ?"

"ሁለት።"

"አብራችሁ ናችሁ?"

ወንድሜ ጠቀሰኝ። "አብረን ነን... ግን አንተዋወቅም።"

ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠው። ግንባሬ ከፊት ወንበሩ ጋር ተጋጨ። ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋ። ሾፌሩ ግን በመስታወቱ ወንድሜን ብቻ ያየዋል።

"እንደሱ አትበል" አለ በቀስታ። "እዚህ ከተማ እንደሱ አይባልም።"

ወንድሜ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የሾፌሩን እጅ ያየሁት ያኔ ነው። የቀኝ እጁ ጣቶች በነጭ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። በጨርቁ ላይ ደም ወጥቷል።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ትላንት ነው። ምሳ ላይ።"

"ምሳ ላይ?"

ማርሽ አስገብቶ ነዳ።

ከጨርቃ ጨርቅ ሱቆቹ ጀርባ አወረደን። ስም የሌለው፣ ባለ መስታወት ቤት አሳየን። "ምግቡ ልክ የለውም" አለ። "ግን አብራችሁ ግቡ። ጎን ለጎን።"

ገንዘቡን ሳይቀበል ሄደ።

ወንድሜ እንደ ልማዱ በጓሮ ዞረ። ሲመለስ ፊቱ ሁሉ በርቷል።

"እሙ! መጣያው ባዶ ነው! ደረቅ! አንድ ፍርፋሪ የለም። ሰው ሳህኑን ልሶ ነው የሚወጣው!"

"ሾፌሩ አብራችሁ ግቡ ብሏል..."

"ሾፌሩ ምን አገባው? ሕግ ሕግ ነው።" ኮሌታውን አስተካከለ። "አሥር ደቂቃ።"

ለእኔ የተናገረው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

መንገዱ ጠባብ ስለሆነ የበሩን ወሬ እሰማለሁ። በረኛው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳው።

"ስንት ነዎት?"

"አንድ" አለ ወንድሜ።

በረኛው ወደ ውስጥ ዞረ። "አንድ!"

ውስጥ ያለ ሌላ ሰው ተቀበለው። "አንድ!"

ከወጥ ቤትም ተመለሰ። "አንድ!"

በመስታወቱ ውስጥ አያለሁ። የሚበሉት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩና ፈገግ አሉ። እንግዳ የሚወድ ቤት ነው ብዬ ልቤ ሞቀ።

አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ። ተሻገርኩ።

"ስንት ነዎት?"

"አንድ።"

በረኛው ቀና ብሎ አየኝ። ፈገግታው ትንሽ ተንሸራተተ።

"በአንድ ቀን ሁለት..." አለ ለራሱ። ከዚያ ዞሮ ጮኸ። "አንድ!"

ቤቱ ሙሉ ነው። ቤተሰብ፣ ጓደኛሞች፣ ሕፃን የያዙ እናቶች። ሳቁ፣ የማንኪያው ኳኳታ፣ የሾርባው ሽታ... እውነቱን ልናገር፣ ምራቄ መጣ።

ልክ ስገባ ጥግ ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ነበር። ወደ መሃል ሊሄዱ ነው። እኔን ሲያዩ ቆሙ። አንዴ እኔን፣ አንዴ ወደ መሃል... ከዚያ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ።

ምን እንደሆኑ አልገባኝም። መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ።

ወንድሜን በዓይኔ ጠርዝ ብቻ ነው ያየሁት። መሃል ላይ ነው ያስቀመጡት። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ልብስ አላቸው፤ የእሱ የለውም። በዙሪያው ያለው ወለል ገና ታጥቦ እርጥብ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ መሃል ወለል የሚያጥብ ምግብ ቤት አይቼ አላውቅም።

ሾርባዬ መጣ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚጣፍጥ ሾርባ ቀምሼ አላውቅም። ይህን መጻፌ ራሱ ያሳፍረኛል።

መልእክት የማነብ መስዬ ስልኬን አወጣሁና ፎቶ ማንሳት ጀመርኩ። ሳህኖቹን፣ ዳቦውን፣ የሰዎቹን እጅ...

እጃቸውን።

ስዕሉን ሳጎላው የሁሉም ቀኝ እጅ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። የወንዶቹም፣ የሴቶቹም። ፊት ለፊቴ ያለችው እናት ልጇን የምታበላው በግራ እጇ ነው።

ሌላም ነገር አየሁ። የብዙዎቹ ሳህን ባዶ ነው። በልተው ጨርሰዋል። ግን ማንም አይወጣም።

ቁጭ ብለው እየጠበቁ ነው።

አስተናጋጁ ወደ ወንድሜ ሄደ። ንጹሕ ልብስ፣ ንጹሕ ጫማ፣ ለስላሳ ድምፅ።

"ይቅርታ፣ እዚህ ቤት የሚያውቅዎት ሰው አለ?"

"የለም" አለ ወንድሜ። "እንግዳ ነኝ።"

"መልካም።"

ወደ እኔ መጣ። ጎንበስ አለ።

"እመቤት፣ መሃል የተቀመጡትን ሰውዬ ያውቋቸዋል?"

ቀና እንኳ አላልኩም። ዳቦዬን እየቆረስኩ ነው።

"አላውቀውም።"

እንዴት አድርጌ እንደተናገርኩት ብታዩ! ድምፄ ላይ ትንሽ መሰልቸት ጨምሬበታለሁ። ጉሮሮ በልቡ እንደሚያመሰግነኝ አውቃለሁ።

አስተናጋጁ ሄደ። ሌሎቹን ጠረጴዛዎች አንድ በአንድ ጠየቀ። ከዚያ ተመልሶ እኔ ጋ መጣ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደግሜ መጠየቅ ስላለብኝ ነው። ሰውዬውን አያውቋቸውም?"

ሾፌሩ ትዝ አለኝ። ወንድሜን ቀና ብዬ ላየው ፈለግሁ... ግን ሕግ አለ። ሦስት ዓመት የጠበቅነውን በአንድ ሾፌር ወሬ ላፈርሰው ነው?

"አላውቀውም አልኩ እኮ!"

"መልካም።"

መሃል ቤት ቆሞ አጨበጨበ። ቤቱ ጸጥ አለ።

"ይህን ሰው የሚያውቅ አለ?"

ማንም እጁን አላነሣም።

ወንድሜ ፈገግ እንዳለ ነው። የቤቱ ጨዋታ መስሎታል። ነገ የሚጽፈውን በልቡ እያዘጋጀ ነበር፤ አውቀዋለሁ።

እኔም ዝም አልኩ።

ያኔ ቤቱ ውስጥ ያለው ማንኪያ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የተነሡት መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፤ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። ወደ ወንድሜ ሄዱና ትከሻውን ነካ አደረጉት። ሲዞር በተጠቀለለው እጃቸው አፉን አሉት።

ደሙ ነጩ ጠረጴዛዬ ድረስ ተረጨ።

ወንድሜ ሳቀ! በስመ አብ፣ እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ ሳቀ። አፉን ዳሰሰና እጁ ላይ ያለውን ደም ሲያይ ነው ሳቁ የቆመው።

ሽማግሌው ዞር ብለው ለሚቀጥለው ሰው ቦታ ለቀቁ።

ተሰልፈዋል።

ዳቦ ለመግዛት እንደሚሰለፍ ሰው፣ ጠረጴዛ በጠረጴዛ ተሰልፈዋል። ማንም አይጋፋም። ማንም አይሳደብም። አንዱ መትቶ ሲመለስ "ይቅርታ፣ ላሳልፍዎት" ይላል።

ልጇን የምታበላዋ እናት ማንኪያውን ለልጇ አስይዛ ሄደች። ወንበር አንሥታ ጀርባው ላይ ሰበረችው። ተመልሳ የልጇን አፍ ጠረገች።

ወንድሜ ግዙፍ ሰው ነው፤ ዝም ብሎ አልተመታም። ጠረጴዛውን ገለበጠ። አንዱን ወጠምሻ በግንባሩ ገጭቶ አፍንጫውን አደቀቀው። ሌላውን በጉሮሮው አንቆ ከግድግዳ ጋር አላተመው። አፍንጫው የተሰበረው ሰውዬ ደሙን በእጅጌው ጠረገና ከኋላው ላሉት "ተራዬን አስረዘምኩባችሁ" ብሎ ይቅርታ ጠየቀ።

ከዚያ መንጋጋው ላይ መቱት።

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

ወደቀ። በእግር ቀጠሉ። አሁንም በተራ፣ አሁንም በትሕትና።

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም።

በሰዎቹ እግር መካከል የወንድሜን ፊት አየሁት። አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። ሌላው እኔ ላይ ነው።

በሦስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ ቤት ውስጥ ዓይን ለዓይን ተያየን።

"ወንድሜ ነው!" ብዬ ብጮህ... አንድ ቃል እኮ ነው።

እሱ ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አነሣ። ልክ እንደ ሥራችን፣ እንደማያውቀኝ ሰው።

እኔም ዳቦዬን አየሁ።

ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም አታውጡለት። እወደው ነበር፣ ግን ከእሱ ይልቅ ለራሴ ፈራሁ።

በዚህ መሃል አንድ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ጥግ ላይ የነበሩት ሴትዮ ናቸው። ሳህናቸውን ይዘው መጥተዋል።

"እኔን እዪ" አሉ በሹክሹክታ። "ወደዚያ አትመልከቺ።"

"ወንድሜ ነው..."

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አላውቀውም ብለሻል?"

"ብያለሁ።"

"ሁለቴ?"

"ሁለቴ... እማማ፣ አሁን ብነግራቸውስ?"

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ። አሁን ብትናገሪ አንቺንም አይተዉሽም።" እጄን ያዙኝ። "ማንኪያሽን አንሺ። ብዪ።"

አስተናጋጁ በላያችን ቆሟል። የጫማው ጫፍ ላይ ደም አለ። ጎንበስ ብሎ በመሐረብ ጠረገው።

"ይችንስ የሚያውቃት አለ?" አለ።

"ልጄ ናት" አሉ ሴትዮዋ።

አየኝ። እሳቸውን አየ። እንደገና እኔን አየ።

"ትመስልዎታለች" አለ ፈገግ ብሎ። "ሾርባ ልጨምርላችሁ?"

ወንድሜ እየተደበደበ እኔ ሾርባ ጠጣሁ። ሴትዮዋ በጠረጴዛው ሥር እጄን ይዘው "ዋጪ... ዋጪ..." ይሉኛል። እንባዬ ሳህኑ ውስጥ ይንጠባጠባል። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። የመጨረሻው ሰው ተራውን ጨርሶ ሲቀመጥ ሳቁና ኳኳታው ካቆመበት ቀጠለ።

ሴትዮዋ ክንዴን ይዘው አስነሡኝ።

በር ላይ በረኛው እጅ ነሣን። "ሁለት!" ብሎ ጮኸ።

"ሁለት!" አለ ውስጥ ያለው።

መንገድ ተሻገርን። ፀሐይዋ እንደነበረች ነው። ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ይሄዳል። አንዲት ልጅ አይስክሬም ትልሳለች። እኔ አስፋልቱ ዳር ተቀምጬ ያን ሾርባ ሁሉ አስመለስኩት።

"ለምን እሱን አላሉም?" አልኳቸው። "ለምን 'ልጄ ነው' አላሉም?"

ሴትዮዋ ድምፃቸው ቀጥኖ ነው የወጣው። "ልለው ነበር።"

"ምን?"

"ተነሥቼ ነበር እኮ። በቀን አንድ ሰው ነው የሚፈቅዱልኝ። ለእሱ ብዬ ተነሣሁ..." ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ። "አንቺ ብቻሽን ገባሽ።"

የሰማሁትን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

አሥር ደቂቃ። ባልገባ ኖሮ ሴትዮዋ እሱን ያድኑት ነበር። አብሬው ብገባ ኖሮ ማንም ማዳን አያስፈልገውም ነበር። በመካከሉ ያለውን መንገድ መርጠን ገባንበት።

"እርስዎስ?" አልኳቸው። "እዚያ ቤት ምን ይሠራሉ?"

"ከባሌ ጋር መጣን፤ ሃያ ዓመት ሆነው። መንገድ ላይ ተጣልተን ነበር። ተኮራርፈን ለየብቻ ተቀመጥን። ያውቁታል ወይ ሲሉኝ... ከዚህ ሰው ጋር ዕውቂያ የለኝም አልኩ። ተናድጄ ነው። የንዴት ቃል ነው።"

"ገደሉት?"

በአሉታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ያ ባለ መነጽሩ ሽማግሌ ባሌ ነው" አሉ። "ሃያ ዓመት በየቀኑ ምሳውን ሲበላ አየዋለሁ። አንድም ቀን አላወቀኝም።"

ብድግ አልኩ። ልብሴን ሲጎትቱኝ አስለቀቅሁ። መኪና ሳላይ ተሻገርኩ። አንዱ ሾፌር ሰደበኝ። መስታወቱን በሁለት እጄ ደበደብኩት።

"ወንድሜ ነው! አውቀዋለሁ! የእናቴ ልጅ ነው! ስሙት፣ አውቀዋለሁ!"

አሁን ወጣ ድምፄ። አሁን! ውስጥ ሆኜ ሹክ ማለት ያቃተኝን ቃል መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ ጮህኩት። መዳፌ ተተልትሎ መስታወቱ ደም በደም ሆነ።

አስተናጋጁ በሩን ገርበብ አደረገ።

"ማንን ነው የሚያውቁት?"

"ወንድሜን! መሃል የነበረውን!"

"አንድ ጊዜ" አለ በትሕትና። "ልጠይቃቸው።"

በመስታወቱ ውስጥ በዓይኔ ተከተልኩት።

መሃል ያለው ጠረጴዛ ባዶ ነው። ወለሉን አጥበውታል። አስተናጋጁ እሱን አልፎ ወደ ትልቁ ጠረጴዛ ሄደ። አንድ ቤተሰብ ተቀምጧል፤ አባት፣ እናት፣ ሁለት ሴቶች ልጆች።

ወንድሜ በመካከላቸው ተቀምጧል።

ሸሚዙ በደም እንደተለጠፈ ነው። ፊቱ ግን... ፊቱ ደህና ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ አሉ።

አስተናጋጁ ወደ ጆሮው ጎንበስ ብሎ በጣቱ ወደ እኔ ጠቆመ።

ወንድሜ ቀና አለ። አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። "ጋሼ" አልኩ፤ መስታወቱ በትንፋሼ ጉም ለበሰ። በእጄ ጠረግሁት።

ራሱን ነቀነቀ። ግራ... ቀኝ...

ቂም ይዞብኝ ይሁን፣ ረስቶኝ ይሁን፣ "ነይ ግቢ" እንዳይሉኝ ብሎ ለመጨረሻ ጊዜ ሕጉን ጠብቆልኝ ይሁን፣ እስከዛሬ አላውቅም። ሌሊት ሌሊት አንዱን ይዤ አድራለሁ፤ ጠዋት ሌላውን አነሣለሁ።

አስተናጋጁ ወደ በሩ ተመለሰ።

"አላውቃትም ይላሉ" አለኝ። በሩን ሰፋ አድርጎ ከፈተው። "እመቤት... ብቻዎን ነዎት?"

ሴትዮዋ ከኋላዬ ወገቤን አቅፈው እየጎተቱኝ ነው። "ለዛሬ የእኔን ጨርሻለሁ ልጄ" ይሉኛል እያለቀሱ። "ነገ እንጂ ዛሬ ላውቅሽ አልችልም። ሂጂ! ሂጂ!"

ወደ ኋላ እየተጎተትኩ ዓይኔን ከመስታወቱ አልነቀልኩም።

ትንሿ ልጅ ተነሥታ ወንድሜ ጭን ላይ ወጣች። ማንኪያዋን ከሾርባው ነከረችና እንዳያቃጥለው እፍ እፍ አለችበት። ወደ አፉ አስጠጋችለት።

ያ ሲሰበር የሰማሁት መንጋጋ ተከፈተ። ዋጠ። ጣፈጠው መሰለኝ፣ ከንፈሩን ላሰ።

ከዚያም፣ ምግብ ቤት መስኮት ላይ ተለጥፋ የሰው ገበታ የምታይን ሴት ማንም ሰው በሚያይበት ዓይን አንዴ አየኝና፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ መብላቱን ቀጠለ።